አለሁ ባይ

መጋቢት 21 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በሸለቆው አፍ የቆመው የብረት ሰሌዳ እንደ አዲስ ሲቀባ ግማሹ ላይ ቀረ። በነጩ መደብ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው «ወደ ሸለቆው መግባት» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ይከልከል ይፈቀድ፣ ሰሌዳው አይናገርም። ብሩሹ በቀለም ቆርቆሮው አፍ ላይ ተጋድሟል። ክዳኑ አሸዋ እንዳይገባበት ተገልብጦ ድንጋይ ተጭኖበታል። የተቻኮለ ሰው አሠራር አይደለም። ከሰሌዳው እግር ሥር የሚነሣው የጫማ ዱካም እርምጃው እኩል ነው፤ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲመለስ ግን አይታይም።

ሰሌዳውን ትቀባ የነበረችው ሴት በመሥሪያ ቤቱ «እትዬ ጆሮ» ትባል ነበር። የበረሃው ጥብቅ ክልል ጠባቂ ናት። ባሏም ጠባቂ ነበር፤ እሱን ደግሞ «ጋሼ ፉጨት» ይሉታል። ቅጽል ስሞቹን ማን እንዳወጣቸው አይታወቅም፤ ግን ወደ ሥራ የመጣ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ትክክል መሆናቸውን ያምናል። ልጅ አልወለዱም። «ጆሮና ፉጨት ተጋብተው ምን ይወልዳሉ? ዝምታ ነው እንጂ» ይል ነበር ጋሼ፣ ሰው ሲጠይቀው። እሷ በነገሩ ስቃ አታውቅም፤ ተቆጥታም አታውቅም።

የሚኖሩት ከቢሮው ጀርባ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ነው። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ፀሐይ ሲወጣና ሲጠልቅ ይንቋቋል። እንግዳ ሰው ይደነግጣል። እሷ ግን በዚያ ሁሉ መሐል፣ ሻዩ በቡታጋዙ ላይ እየተንተከተከ፣ በአጥሩ ወዲያ የሚያልፈው መኪና የጫነው እንጨት ይሁን ፍየል ከባሌስትራው ጩኸት ትለያለች። «እሷ ባለችበት ሐሜት በጽሑፍ ነው» ይላሉ ባልደረቦቿ።

ሥራቸው ሲነገር ቀላል ይመስላል። የሽቦ ወጥመድ መልቀም፣ የተተከሉትን የግራር ችግኞች በበርሜል ውኃ ማጠጣት፣ ፍየል እንዳይደርስባቸው በእሾህ ማጠር። መኪና ከመንገድ ወጥቶ ሲሄድ ደግሞ የጎማውን ዱካ በቅርንጫፍ ጠርጎ ማጥፋት። አንዱ የነዳበትን ሌላው መንገድ ነው ብሎ ይከተለዋልና። በበረሃ ዱካ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሰው ከሞተ በኋላም ጫማው ከዓመት ዓመት ይታያል።

ጋሼ የፊት ጥርሱን ያጣው በዚሁ ሥራ ነው። እግሯ በሽቦ የተያዘች ሚዳቋ አግኝቶ፣ አንገቷን በጉልበቱ ይዞ ሽቦውን በጥርሱ ሲያላላ፣ ነፃ የወጣችው እግር ተወንጭፋ አፉን አገኘችው። ደሙን እየተፋ ቤት ሲገባ እሷ ጮኸች። እሱ ሳቀ። «ጥርስ ባዳ ነው ሲሉ እንዲሁ የሚሉት ይመስለኝ ነበር። ይኸው ጥሎኝ ሄደ!»

ከዚያ ወዲህ ሲያፏጭ በክፍተቱ ትንሽ ነፋስ ያመልጥ ጀመር። ድምፁ መጨረሻው ላይ ሽው ይላል። እሷ ለመድሁት አለች፤ እሱ ግን አፈረበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በከተማው ከጥርስ ሐኪም ቤት ሄዶ ልኩን አስወስዶ መጣ።

የሸለቆውን ነገር ለማወቅ ወፉን ማወቅ ያስፈልጋል። ዶሮ የምታክል፣ መልኳ ከአሸዋው የማይለይ፣ ከመብረር መሮጥ የሚቀናት ወፍ ናት። ጎጆ አትሠራም፤ ዕንቁላሏን በጠጠሩ ላይ ትጥላለች። መኪና ቢሄድበት ነጂው ጠጠር የሰበረ ይመስለዋል። ድምፅዋ ሦስት ቁራጭ ነው፤ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ። ሰው ሲሰማው «አ-ለ-ሁ» ይመስላል። ስለዚህ ስሟ «አለሁ ባይ» ሆነ። ጋሼ ግን «ስሟ አለሁ ባይ፣ ግብሯ የለሁም ባይ» ይላት ነበር። ድምፅዋን የሰማ ብዙ ነው፤ እሷን ያየ ግን በጣም ጥቂት።

ሸለቆው ለመኪና የተዘጋው ለዚህች ወፍ ሲባል ነው። ከተራራው ወዲያ የድንጋይ ካባ አለ፤ ገልባጭ መኪናዎቹ ተራራውን ዞረው ነው የሚሄዱት። በሸለቆው ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚያልፍ መንገድ ከታቀደ ቆይቷል። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው። በመጋቢት የማዳመጥ ሰሞን ወፏ ካልተሰማች ወይም ካልታየች፣ የሸለቆው ክልከላ ይነሣል። በየዓመቱ ግን ትሰማለች። የሚሰሟትም እትዬ ጆሮና ጋሼ ፉጨት ናቸው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ጎሕ ሲቀድ እሷ በሸለቆው አፍ፣ እሱ በወዲያኛው ጫፍ ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው በወፏ ድምፅ ያፏጫሉ፤ ከዚያ መልስ ይጠብቃሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሰው ለሰው የማይሰማበት ነው ተብሎ አስቀድሞ ተለክቷል። ሲመለሱ ፔርሙሳቸውን ከፍተው ሻይ እየጠጡ ይነጋገራሉ።

«መለሰችልህ?»

«መለሰች። አንቺስ?»

«ለኔም መለሰች። ድምፅዋ ግን ነፋስ ነፋስ ይላል ዘንድሮ።»

«እንደኔ አርጅታለቻ! እሷንም ሚዳቋ ረግጣት ይሆናል።»

ተሳሳቁና ተነሡ። ይህ የተባለው ጥርሱ በወለቀ ዓመት ነው።

ጋሼ ፉጨት የሞተው በኅዳር ነው። ሳል ጀመረው፣ ሳሉ ወደ ሳንባው ወረደ፣ ከሆስፒታል አልጋ ላይ አልተነሣም። ከተቀበረ በኋላ ከጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ ይደወልላት ጀመር። የምትደውለው ልጅ ትሑት ናት፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው የምትለው።

«የባለቤትዎ ጥርስ ደርሷል። መጥተው ይውሰዱልን።»

እትዬ ጆሮ አንድም ቀን ሞቷል አላለቻትም። «እሺ» ትልና ስልኩን ትዘጋለች።

መጋቢት ገባ። በጋሼ ቦታ እንድትቀመጥ የተመደበችው የዕፅዋት ባለሙያዋ ናት፤ ወጣት፣ ጠያቂ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ በአግባቡ የታሰረ። እትዬ ጆሮን እንደ ታላቅ እህቷ ትወዳታለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ አትሳቂብኝ። ፉጨት አልችልም።»

«ከንፈር የለሽም?»

«ከንፈርስ አለኝ። ነፋሱ ነው እንቢ የሚለኝ።»

«በይ ዝም ብለሽ ስሚ። የማፏጨቱን ለኔ ተይው።»

በመጀመሪያው ጎሕ እትዬ ጆሮ አፏጭታ ጠበቀች። መልስ የለም። ደገመች። ሸለቆው ጭጭ አለ። የዕፅዋት ባለሙያዋ ግን ከወዲያኛው ጫፍ እየሮጠች፣ ፊቷ በርቶ መጣች።

«ሰማኋት! ልክ እንዳልሽኝ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ!»

«መቼ?»

«ፀሐይዋ የገደሉን ራስ ልትነካ ስትል። ቆይታ ደግሞ አንድ ጊዜ።»

እትዬ ጆሮ ያፏጨችው ፀሐይዋ የገደሉን ራስ ልትነካ ስትል ነበር። ቆይታም አንድ ጊዜ ደግማለች። የፔርሙሱን ክዳን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ወጣቷ ግን አየቻትና ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«እትዬ… ነገ አታፏጪ።»

በማግስቱ አላፏጨችም። ሁለቱም ምንም አልሰሙም።

ነገሩ ያኔ ተገለጠ። ርቀቱ የተለካው በሜዳ ነው፤ ሸለቆው ግን ሜዳ አይደለም። በጎሕ ብርድ፣ በሁለቱ ገደሎች መካከል፣ ድምፅ በቱቦ ውስጥ እንዳለ ውኃ ይፈስሳል። ያን ሁሉ ዓመት እሷ የሰማችው እሱን ነበር፤ እሱ የሰማው እሷን። በዚህ ጫፍ ሚስት «አለሁ» ትላለች፤ በዚያኛው ጫፍ ባል «አለሁ» ይላል፤ ሁለቱም ወፏ አለች ብለው እየተደሰቱ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። የነፋሱም ምሥጢር ይኸው ነው። ጥርስ የጎደላት ወፍ አልነበረችም።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ?» አለች እትዬ ጆሮ። «በሰው ቤት የሚሆነውን ሁሉ ሰማሁ። የገዛ ባሌን ድምፅ አላወቅሁትም።»

«ታዲያ ለኃላፊው ምን እንበለው?» አለች ወጣቷ። «ካልነገርነው ማንም አያውቅም። ከነገርነው ግን መንገዱ ይሠራል።»

«ሸለቆው በውሸት ተዘግቶ ከኖረ እውነት አንድ ቀን ይከፍተዋል። እኔ እያለሁ ይነገር።»

ወጣቷን አስከትላ ሄዳ ነገረችው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ተነሥቶ ከግድግዳው ካርታ ፊት ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጋሼ ሲቀበር አልቅሷል።

«እትዬ፣ ይሄን ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።»

«እኔም።»

«ከእንግዲህ በድምፅ ብቻ ተሰማች ብዬ መፈረም አልችልም። ሰሞኑ ሳያልቅ ወፏን በዓይን ያየ ሰው ይቅረብልኝ። አለዚያ ሸለቆውን ማን ይሟገትለታል? አለሁ ባይ የለውም።»

የተናገረው ሳያስበው ነበር። ሦስቱም ሰሙት፤ ማንም አልሳቀም።

በቀጣዩ ጎሕ ሁለቱ ሴቶች አብረው በሸለቆው አፍ ተቀመጡ። በወዲያኛው ጫፍ፣ በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ፣ ማንም አልነበረም። ይህን ቀደም ብለው በእግራቸው ሄደው አረጋግጠዋል፤ ከራሳቸው ዱካ በቀር በአሸዋው ላይ አዲስ የሰው ምልክት አላዩም። ብርዱ አጥንት ይገባል። እትዬ ጆሮ ከንፈሯን በምላሷ አርጥባ አንድ ጊዜ አፏጨች።

ከወዲያኛው ጫፍ መልሱ መጣ። አ-ለ-ሁ። መጨረሻው ላይ ሽው አለ።

ወጣቷ ክንዷን ያዘቻት። «እትዬ፣ ማነው እዚያ ያለው?»

«ማንም።»

«የገደል ማሚቶ ይሆን?»

«የገደል ማሚቶ የሰጡትን ነው የሚመልሰው። እኔ ጥርሴ ሙሉ ነው።»

ተነሥተው ወደ ድምፁ ሄዱ። ፀሐይ ወጣች፣ ጠጠሩ ይሞቅ ጀመር፣ የግራሮቹ ጥላ አጠረ። ድንጋዩ ጋ ሳይደርሱ፣ ከእሾህ ቁጥቋጦ ሥር፣ የዕፅዋት ባለሙያዋ አንድ ቅጠል ለማየት ጎንበስ እንዳለች ደርቃ ቀረች። ከእጇ የማይርቅ አሸዋ ዓይን ነበረው። አሸዋው ብድግ አለ። ወፍ ሆነ። አንገቷን አሰገገች፣ ጉሮሮዋን ነፋች፣ አ-ለ-ሁ አለች፤ መጨረሻው ላይ ሽው።

ወጣቷ በስልኳ ቀረጸቻት። እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር።

«ከጋሼ ነው የተማረችው፣ እትዬ! ብዙ ወፍ ዜማውን ጫጩት ሳለ ከሰማው ነው የሚይዘው። እዚሁ ተፈልፍላ፣ መጋቢት በመጣ ቁጥር እሱን ስትሰማ አድጋለች። የሱን ሽውታ የራሷ ዜማ መስሏት!»

እትዬ ጆሮ ወፏን አተኩራ ታይ ነበር። ወፏ አፏን ገጥማለች፤ ጉሮሮዋ አይንቀሳቀስም። በዚያች ቅጽበት ከጠፍጣፋው ድንጋይ በኩል፣ ቅርብ፣ በጣም ቅርብ፣ ሌላ ድምፅ መጣ። አ-ለ-ሁ። ሽው።

«ሁለት ናቸው!» አለች ወጣቷ።

ሄደው ፈለጉ። ድንጋዩ ባዶ ነበር። ዙሪያው አሸዋ ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ ከተዉት የራሳቸው ዱካ በቀር አዲስ ነገር የለበትም፤ የወፍ እግር እንኳ አልረገጠውም።

«ሁለት ብዬ ልመዝግብ?»

«አንድ በይ» አለች እትዬ ጆሮ። «ያየነው አንድ ነው።» ከዚያ ድንጋዩን በመዳፏ ነካችው። በገደሉ ጥላ ውስጥ ስለሆነ ፀሐይ ገና አልደረሰበትም፤ ግን ሞቃት ነበር። ይህን የነገረችው ለወጣቷ ብቻ ነው፤ ወጣቷም እጇን አስጠግታ አላረጋገጠችም። ስለዚህ የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

አንዷ ወፍ በቃች። ኃላፊው ቀረጻውን ደጋግሞ አየ፣ ወንበሩ ላይ ተንጠራራ፣ «እፎይ!» አለ። ሸለቆው እንደተዘጋ እንዲቆይ ተወሰነ። ማዳመጡም በሁለት ጫፍ ሳይሆን በአንድ ጫፍ ብቻ እንዲሆን ታዘዘ። በሸለቆው አፍ ያለው ሰሌዳ ፀሐይ ስለበላው ይታደስ ተባለ። እትዬ ጆሮ እኔ እቀባዋለሁ አለች።

«ሌላ ሰው ይቀባዋል እኮ። አንቺ ረፍት ውሰጂ» አለቻት ወጣቷ።

«ሥራ ነው ረፍቴ። ደግሞ ከተማ ጉዳይ አለኝ፤ ቀለሙንም በዚያው እገዛለሁ።»

«የምን ጉዳይ?»

«ፉጨቱን ነፋሱ እያስቸገረው ነው» አለች። ወጣቷ ስለ ወፏ የምታወራ መስሏት ሳቀች።

ያን ሐሙስ ቀኑ ሲመሽ እትዬ ጆሮ ስላልተመለሰች ወጣቷ ልትፈልጋት ሄደች። በግማሽ የቀረውን ሰሌዳ አገኘች፤ ቀዩ ቀለም እጇ ላይ ቀረ። ዱካውን ተከተለች። እትዬ ጆሮ በጠፍጣፋው ድንጋይ አንደኛው ጠርዝ ላይ፣ ለሌላ ሰው ቦታ እንደለቀቀች፣ ጀርባዋን ለገደሉ ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋለች፤ ሰው ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው። ትንፋሽ አልነበራትም። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። በጭኗ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ተከፍቶ ተቀምጧል፤ በውስጡ ከጥጥ በቀር ምንም የለም። ዙሪያውን ያለው አሸዋ በወንፊት ተነፋ። የተገኘ ነገር የለም።

ሰሌዳውን በኋላ ወጣቷ ጨረሰችው። «ክልክል ነው» የሚለው በእሷ እጅ ነው የተጻፈው፤ የፊደሉ ቅርጽ ከፊተኛው ጋር አይገጥምም፤ ማንም ይስተካከል አላለም።

በተከታዩ መጋቢት ብቻዋን በሸለቆው አፍ ተቀመጠች። አሁንም ማፏጨት አትችልም፤ ማፏጨትም አላስፈለጋትም። ከሸለቆው ወገብ አንድ ድምፅ መጣ፤ መጨረሻው ላይ ሽው ይላል። ያቺ ወፍ ናት፤ በኋላ በዓይኗም አይታታለች። ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከድንጋዩ በኩል፣ ሌላ መለሰላት። ይኼኛው ሽውታ የለውም። ጥርት ብሎ፣ ሙሉ ሆኖ መጣ። አለሁ።

«ሁለት ልበል?» አለ ኃላፊው ቢሮ ገብታ ስትነግረው፣ እስክሪብቶውን ይዞ።

«አንድ» አለች። «ያየነው አንድ ነው።»

እትዬ ጆሮ የፈጸመችው የመጨረሻ ተራ ጉዳይ በሞተችበት በዚያው ሐሙስ ጠዋት ነው። በአውቶቡስ ከተማ ወረደች። ከቀለም ቤት አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለምና አንድ ብሩሽ ገዛች፤ የብሩሹን ፀጉር በጣቷ ሳብ ሳብ አድርጋ እንደማይረግፍ አየች። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ፣ ከስልክ ጠጋኙ ሱቅ በላይ ወዳለው ጥርስ ሐኪም ቤት ደረጃውን ወጣች። ጥርስ ሠሪው ነጭ ገዋኑ ላይ የጄሶ አቧራ ያለበት ሰው ነው።

«እናቴ፣ መጡልን? በስልክ አሰለቸንዎት።»

«ጆሮዬ ደህና ነው። እግሬ ነው የዘገየው።»

መሳቢያውን ከፍቶ አንዲት ጥርስ አወጣና በብርሃን ላይ ዘወር ዘወር አድርጎ አሳያት። ነጭ አይደለችም፤ ሻይ የሚጠጣ ሰው ጥርስ እንድትመስል በጥንቃቄ ቢጫ ተደርጋለች።

«ባለቤቱ መጥቶ ብንለካው ጥሩ ነበር» አለ። «መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊያጠብቀው ይችላል።»

«ግድ የለህም። እኔ አደርስለታለሁ።»

በጥጥ ጠቅልሎ በትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከተተላት። መረከቧን ፈረመች። ሳጥኗን ከጆሮዋ አስጠግታ አንዴ ነቅነቅ አደረገቻት፤ ጥጡ በደንብ ይዟታል፣ አትንኳኳም። አመስግናው፣ ሳጥኗን በደረት ኪሷ፣ ቀለሙን በእጇ ይዛ፣ ደረጃውን ወረደች።